በእትዬ ጥሩወርቅ መስኮት ላይ የተያዘችው አስፈጻሚ

እናንተ ሰዎች፣ ዛሬ አምበር ከተማ ላይ ግማሽ አካሌ መስኮት ውስጥ እንዳለ በሌብነት ተያዝኩ።

በገዛ አክስቴ ቤት መስኮት!

የያዙኝ ደግሞ እግሬን ነው። ፊቴ ቤት ውስጥ፣ የቀረው አካሌ ለገበያተኛው። አትሳቁ፤ ገና ነው።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

አክስታችን እትዬ ጥሩወርቅ ያረፉት ከፋሲካ በኋላ ነው። ልጅ አልወለዱም፤ የእህት የወንድሞቻቸውን ልጆች ግን ሁላችንንም በየተራ አሳድገዋል። ሲታመሙ የነፍስ አባታቸውን ቄስ ሙሉንና የሰፈሩን ሽማግሌዎች ጠርተው ተናዘዙ። ቤታቸውን ለሁላችንም አወረሱን። ኑዛዜ አስፈጻሚ ያደረጉት ግን ታላቅ ወንድሜን በላይንና እኔን ነው። «ሁለታችሁ ተስማምታችሁ የወሰናችሁት ይሁን» አሉ።

ተስማምታችሁ! እትዬ፣ ነፍስዎን ይማረውና፣ ምን አስበው ነው?

በላይ አምበር ውስጥ እህል ይነግዳል። እኔ ማርቆስ ቢሮ እሠራለሁ። ኮሌጅ እያለሁ አንድ የሕግ ኮርስ ወስጄ ኤ አምጥቻለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ቤተሰቡ የሚጠራኝ «ጠበቃዋ» እያለ ነው። እኔም እምቢ ብዬ አላውቅም።

እኔ ቤቱ ይሸጥና እንካፈል አልኩ። እሱ አይሸጥም አለ። ለምን ሲባል መልስ የለውም። ዝም።

ዝም የሚል ሰው ምን እንደሚያስብ ደግሞ የታወቀ ነው። ቤቱን ለራሱ ሊያስቀር ነው! እርግጠኛ ነበርኩ። እርግጠኛ ስሆን ደግሞ ታውቁኛላችሁ።

ከአርባቸው በኋላ የበሩን ጓጉንቸር ለወጠው። ሳይነግረኝ።

እኔ ምን አደረግኩ? የራሴን ጓጉንቸር ገዝቼ ከእሱ ጎን ቆለፍኩበት። ከዚያ በቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ «ያለ እኔ ፊርማ ማንም ሰው ከዚያ ቤት ሚስማር እንኳ እንዳይነካ!» ብዬ ለጠፍኩ። ላይኩ ጎረፈ። በላይም አንብቦታል።

ክረምቱ ገባ። ቤቱ በሁለት ጓጉንቸር ተቆልፎ፣ እኛም ተኳርፈን።

ትናንት የእትዬ ጎረቤት እትዬ ስንዱ ደወሉልኝ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ እንዳልዋሽሽ፣ ወንድምሽ ዝናብ በጣለ ቁጥር በጓሮው መስኮት ይገባል» አሉኝ። ምን ይዞ እንደሚወጣ ግን አላዩም።

ያዝኩህ በላይ!

ዝናብ የሚመርጠው ሰው ከቤቱ በማይወጣበት ሰዓት ለመዝረፍ ነው ብዬ ተነተንኩ። እንዲህ ያለ ጭንቅላት ማርቆስ ቢሮ ተቀምጦ መባከኑ አያሳዝንም?

ዛሬ ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ፕላኔ ግልጽ ነው፤ በዚያው መስኮት እገባለሁ፣ የጎደለውን ዕቃ በቪዲዮ እቀርፃለሁ፣ ግሩፑ ላይ እለቀዋለሁ። እትዬ ስንዱ መቆሚያ ዱካ አበደሩኝ። ሰማዩ ያካፋል። መስኮቱን ገፋ ሳደርገው ተከፈተ።

ጭንቅላቴ ገባ። ትከሻዬም ገባ። ወገቤ ጋ ስደርስ ቀበቶዬ ተያዘ።

በምን? በሚስማር። ማንም እንዳይነካው ባልኩት ሚስማር።

ወደፊትም ወደኋላም አልል አልኩ። በዚህ መሀል ጨለማው ውስጥ አንድ ሰው ሲንቀሳቀስ አየሁ። እትዬ አልጋ ሥር ጎንበስ ብሎ የሆነ ነገር ይጎትታል።

«ሌባ! ሌባ! ድረሱልኝ!»

የገበያ ቀን ነው፤ ሰው በአንድ አፍታ ደረሰ። መጥቶ የሚያየው ምንድን ነው? በመስኮት የተንጠለጠለ የሴት ግማሽ። እስቲ እናንተስ ብትሆኑ ማንን ትይዛላችሁ?

ሁለት ጎረምሶች እግሬን ጥፍር አድርገው ያዙ። አንዱ «ይዘናታል!» ይላል። እኔ ውስጡ ነው፣ ውስጡ ነው እላለሁ፤ የሚሰማኝ ግን ውስጥ ያለው ሌባ ብቻ ነው።

ሌባው ቀና አለ። በላይ ነው።

በሁለት እጁ ሳፋ ይዟል። ሳፋው ውሃ ሞልቷል።

ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ ቤቱን አየሁት። ጣራው ያፈሳል። አልጋው ላስቲክ ለብሷል። በየጥጉ ባልዲና ጣሳ ተደርድሯል። የጓዳው ግድግዳ ምርጉ ተልጦ እንጨቱ ወጥቷል። ወንድሜ ክረምቱን ሙሉ በዚያች መስኮት እየገባ ውሃ ሲደፋ ከርሟል።

«ታዲያ ለምን አታስጠግነውም?» አልኩት፣ እንደተንጠለጠልኩ።

«ሚስማር እንዳትነኩ አላልሽም?»

እናንተ፣ ያን ሰዓት መሬት ብትከፈት እንኳ የምገባው በግማሼ ነበር።

ከውጭ አንድ ሰው ይቺን ሴት ታውቃታለህ ወይ ብሎ ጮኾ ጠየቀው። በላይ አየኝ። ሳፋውን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠ። አጣጥሞታል፣ እምላለሁ!

«እህቴ ናት» አለ በመጨረሻ። «ያለ ፊርማዋ ምንም ነገር እንዳይነካ ብላለች። እግሯንም ልቀቁላት።»

ሳቁ ገበያው ድረስ ተሰምቷል። ቀበቶዬን ከሚስማሩ አላቀቀና ወደ ውስጥ ሳበኝ። ዘጭ! እርጥቡ መሬት ላይ።

«ወንድም ጋሼ» አልኩት። ከተኳረፍን ወዲህ በስሙ ብቻ ነበር የምጠራው። ቤቱ ለምን እንዳይሸጥ እንደፈለገ ጠየቅኩት፤ በዚህ ሁሉ ወራት ለመጀመሪያ ጊዜ መልሱን ለመስማት ብዬ።

ከእኛ ሁሉ ረጅሙን ጊዜ እዚህ የኖረው እሱ ነው። የቀለም ትምህርቱን ሁሉ እዚህ ነው የተማረው፤ እናታችን ስትሞት ያለቀሰውም እትዬ ጉልበት ላይ ነው። እኔ ያኔ ገና ጡት አልጣልኩም ነበር።

«ሲሸጥ ማየት አልቻልኩም» አለ። «ይህ ደግሞ በቴሌግራም እንዴት ይጻፋል?»

ጓጉንቸሩን ሳይነግረኝ መለወጡ ልክ እንዳልነበረም ነገረኝ። እኔ ስለ «ሌባ»ዋ ይቅርታ ጠየቅኩ። ባልዲዎቹን አብረን ደፋን።

ለካ ሰዉ ቄስ ሙሉን ጠርቷቸዋል። ሁለታችንም ቁልፎቻችንን በመስኮት አቀበልናቸው፤ እሳቸው በሩን ከፍተው ገቡ። ጣራውን አዩ። ግድግዳውን ዳሰሱ።

«እኛ አስፈጻሚ ያልናችሁ የኑዛዜው ነበር» አሉ። «እናንተ ቤቱን ፈጸማችሁት።»

በዚህኛው ማንም አልሳቀም።

ሁለቱንም ጓጉንቸር ይዘው ሄዱ። ጣራው ቅዳሜ ይመታል፤ ግድግዳው ዝናቡ ሲያቆም ይመረጋል። እኔ አሁንም ቤቱ ይሸጥ ነው የምለው፤ ሐሳቤን በመስኮት አልጣልኩም! ግን ገዢው ወንድሜ ቢሆን ብዬ ሌሎቹን እየጠየቅኩ ነው። በላይም ለመጀመሪያ ጊዜ «እናስብበት» ብሏል።

በነገራችን ላይ ቪዲዮ ተቀርጿል። ፊቴ አይታይም። ጂንሱን የምታውቁ ግን ታግ እንዳታደርጉኝ።

አሁን ምክር ፈልጌያለሁ። በገበያ ቀን «ሌባ» ብላችሁ የጮኻችሁበት ወንድማችሁ ቅዳሜ ጣራ ላይ ሲወጣ፣ ከሥር መሰላሉን የምትይዙት እናንተ ብትሆኑ፣ መሰላሉን እንዲያምናችሁ ምን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ?