ከግንብ ማዶ የሚወረወር ምክር

ባሏ የሞተባትን ሴት መምከር ግዴታው የሚመስለው ሰው ገጥሞዎት ያውቃል? እኔ በምኖርባት የኤምሬትስ ከተማ አል ዓይን ውስጥ እንዲህ ያሉ አገሬ ልጅ ጎረቤት አሉኝ፤ እትዬ ዘነበች። በኮሮና ምክንያት ቤት ለቤት መጠያየቅ ቀርቶ ስለነበር፣ ማስካቸውን አገጫቸው ላይ አውርደው ምክራቸውን በግንቡ ላይ ይወረውሩልኝ ነበር።

ባለቤቴ ከጓሮ ያለሙትን ጎመንና ዶሮዎቻቸውን ትተውልኝ ነው ያረፉት። ሁዳዴ ሲገባ እትዬ፣ «አንቺ፣ በጾም ዶሮ ምን ይሠራልሻል? ሽጫቸው! ደግሞ ጥቁር ለብሶ መቆፈር ነውር ነው» አሉኝ።

ነውር? ጎመኑ ኀዘን ላይ ነን ብሎ ውሃ መጠጣቱን ይተዋል? ቆፈርኩ። ሙቀቱ ዶሮዎቼን መጨረስ ሲጀምር፣ ዶሮ ቤቱን እርጥብ ጆንያ እያለበስኩ የተረፉትን አቆየሁ።

የፋሲካ ዋዜማ እትዬ በግንቡ ብቅ አሉ። «የኔ እህት፣ ገበያ ዶሮ አጣሁ። ያን አውራ ዶሮ ብትሰጪኝስ?»

«እትዬ፣ ነውር ነው ብለውኝ የለ?»

«እሱ እኮ ቁፋሮው ነው!»

እንቁላል በሳህን አቀበልኳቸው። አውራ ዶሮውን ግን ባለቤቴ ከጫጩትነቱ ነው ያሳደጉት፤ አልሰጠሁም። ይኸው፣ ዛሬም ጎህ ሲቀድ ግንቡ ላይ ወጥቶ፣ ወደ እትዬ መስኮት ዞሮ ይጮኻል። እኔም ዝም በል አልለውም።