ቡልቡላ ያልደረሰው የታንኳ አፍንጫ

ላሟ ቀይ ነበረች ብዬ ነው የማስታውሰው። ተሳስቼ ይሆናል፤ ቡሬም ልትሆን ትችላለች። ግን በዚያች ሰዓት ማን የላም መልክ ያያል? እኔ የማየው አፏን ነበር። የምታላምጠው ደግሞ ታንኳዬን ነው።

እስቲ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ናዝሬት ባቡር ጣቢያ ዕቃ መዛኝ ነኝ። ሚዛኑን ደግሜ ሳላይ አንድ ኬሻ አላሳልፍም። እንዲህ ያለ ሰው ወንዝ ላይ ምን ይሠራል? ዋና እንኳ አልችልም! ነገሩ ግን ሠርግ ነው። እጮኛዬ ጫልቱ ቡልቡላ፣ ከወንዙ ማዶ ናት። ያን ክረምት የዝዋይ ሐይቅ ከልክ በላይ ሞላና ከእሱ የሚወጣው ወንዝ መሻገሪያውን ዋጠው። አባቷ አቶ በዳሳ፣ "ልጄን የላም ጭራ አስይዤ አላሻግርም። ታንኳ ይዞ ይምጣ። አለዚያ ጾሙ ይገባል፤ ከገና በኋላ እንነጋገራለን" ብለው ላኩብኝ። ከገና በኋላ! እስከዚያ ስንቱ ሽማግሌ ይልክባት ይሆን?

ዝዋይ ወርጄ ጋሽ ገመቹን ለመንኳቸው። የደሴት ሰው ናቸው፤ ደንገል ከሚባለው የውሃ ዳር ሣር ታንኳ ይሠራሉ፣ ራሳቸውም ይቀዝፋሉ። ደንገል ውሃ ስለሚጠጣ ጉዞው በአንድ ትንፋሽ አይሆንም። ጥቂት ይቀዘፋል፤ ከዚያ ታንኳው ይወጣና ግራር ተደግፎ ይደርቃል። እኔማ ማረፊያ ማረፊያውን ነበር የምናፍቀው። ጉማሬ በተነፈሰ ቁጥር የጋሽ ገመቹን ጋቢ እጨመድዳለሁ። "አንተ ልጅ፣ ሙሽራዋ እኔ አይደለሁም፤ ልቀቀኝ!" ይሉኛል።

ለአማቾቼ አሞሌ ጨው ይዤ ነበር። ጋሽ ገመቹ መሀል ላይ አድርገው አሉኝ። እኔ ግን መዛኝ አይደለሁ? ሁለታችንም ወደ ኋላ ስለተቀመጥን ፊቱ ክብደት ይፈልጋል ብዬ አፍንጫው ላይ አሰርኩት። ውሃው እየላሰ አሟሟብኝ። ጨዉ ወዴት ሄደ? ወደ ደንገሉ ነዋ!

የመጨረሻው ማረፊያ ላይ፣ ቡልቡላ ልትታይ ስትል፣ ታንኳውን አቁመን ጥላ ሥር ጋደም አልን። ብንን ስል ውሃ ሊጠጡ ከወረዱት ከብቶች አንዷ አፍንጫውን ቆርጥማ ጨርሳዋለች። ጮህኩ። ድንጋይ ወረወርኩ፤ ሳትኩ። በጩኸቴ እረኛውም ከተኛበት ባነነ። ጋሽ ገመቹ ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። "እኔ ዕድሜዬን ሙሉ አልጫ ታንኳ ስሠራ ኖሬአለሁ፤ አንተ አጣፍጠህ አቀረብክላት!"

የተረፈውን በገመድ ጠፍረው አሰሩት። አንድ ሰው ብቻ ይችላል አሉ። በዳር በዳር እየጎተትን ደረስን። አቶ በዳሳ ከማዶ ሆነው፣ "አፍንጫው የት አለ?" ብለው ጮሁ። ጋሽ ገመቹም፣ "መንገድ ላይ እንግዳ ጋበዝንበት!" አሏቸው።

ዋናተኛ ጎረምሶች ወስደውላት ጫልቱ ብቻዋን ተቀመጠችበት። እየገፉ አመጧት። እኔ ከዚህ ዳር ትንፋሼን ውጬ ቆሜአለሁ። እግሯ ደረቅ መሬት ሲረግጥ እፎይ ያልኩት፣ እስከ ዛሬ ጨርሶ አልወጣልኝም።

በማግስቱ አቶ በዳሳ፣ ወንዙ ሲሞላ በእኛ በኩል ካለው ዳር ከቀሩባቸው ከብቶች አንዷን መርቀው ሰጡን። የሚነዳትን እረኛ አወቅኩት፤ ያ በጩኸቴ የባነነው ነው። እየሳቀ፣ "ታንኳ የበላችብህ ይቺው ናት" አለኝ።

ዛሬ ደጃፌ ታስራ ቆማለች። ይህን ስጽፍ ወጣ ብዬ አየኋት። ተመልሼም ደግሜ አየኋት።

ቡሬ ናት።