ጠላ ያሸተተው ወዳጄ

መጠጥ ከመቅመሱ በፊት የሚያሸት ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ወዳጄ ዳዊት እንደዚያ ነው። አትላስ አካባቢ አንድ መጠጥ ቤት ራሱ የሚጠምቀውን ከባድ ጥቁር ቢራ በትንሽ ብርጭቆ ያስቀዳና አፍንጫውን ይደቅንበታል። "ቸኮሌት ቸኮሌት ይላል፣ ትንሽ ጭስም አለው" ይለኛል። እኔ የሚሰማኝ ምሬቱና ስነሳ የሚከዳኝ ጉልበቴ ብቻ ነው። ይሁን፣ መጠጥ ቤት ነውና ያሽትት።

ያለፈው ፋሲካ ግን ጎሮ አክስቴ ቤት ይዤው ሄድኩ፤ ምነው እግሬን በሰበረው። አክስቴ የጠመቁትን ጠላ ቀዱልን። ዳዊት ብርጭቆውን አዙሮ አዙሮ፣ ዓይኑን ጨፍኖ በረጅሙ አሸተተ። እንግዳ የቀረበለትን ሲያሸት ጠማቂዋ ምን እንደሚሰማት ለናንተ አይነገርም።

"ምነው ልጄ፣ ተበላሽቷል እንዴ?" አሉት።

"ኧረ በጣም አሪፍ ነው እትዬ። የተቃጠለ እንጨት ይሸታል" አለ፣ ማድነቁ ነው።

አክስቴ ብርጭቆውን ከፊቱ አነሱት። የኔንም ጨምረው።

ከዚያ ወዲህ እዚያ ቤት ስሄድ ለስላሳ ነው የሚከፈትልኝ። እኔ እኮ የሳቸውን ጠላ እንኳን ላሸት፣ በአንድ ትንፋሽ ነበር የምጨልጠው።