ቆርቆሯችን የበረረ ዕለት

ነፋስ ሲነፍስ ቤት የሌለው ሰው ምን ያደርጋል? ጋቢውን ይከናነባል፤ አለቀ። ቤት ያለውስ? እሱን እኔ ልንገራችሁ። መንዝ ውስጥ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ልብስ እየሰፋሁ የምኖር ሰው ነኝ፤ የራሴ ቤት ከገባሁ ገና ቅርብ ጊዜ ነው።

ተከራይ ሳለን አከራያችን እትዬ ጥሩወርቅ ግድግዳቸው ላይ ሚስማር አያስመቱም ነበር። የባለቤቴ የብዙነሽ ነጠላ ዕድሜውን ሁሉ የኖረው ወንበር ላይ ነው። እንግዳ ሲመጣብን በር ላይ ብቅ ብለው "ያድራል እንዴ?" ይላሉ። ኪራይ ሊጨምሩ ሲያስቡ ደግሞ ሰላምታቸው ይረዝማል። ስለ ልጄ ይጠይቁኛል፣ ስለ እናቴ ይጠይቁኛል፣ ስለ በጎቼ መጠየቅ ሲጀምሩ ኪሴን እዳብሳለሁ። በግ የለኝማ!

በመጨረሻ ዕቁብ ሲደርሰን ድንጋይ አስፈልጠን ባለ ሁለት ክፍል ቤት ሠራን። ግድግዳው ድንጋይ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ። ያየን ሁሉ መረቀን። ኪራይ ቀረልህ፣ ከእንግዲህ የምታወጣው ሁሉ ለራስህ ነው፣ ለልጅህም ይተርፋል፣ አርፈህ ትተኛለህ አሉኝ። ብዙነሽ የገባን ቀን መጀመሪያ ምን ያደረገች ይመስላችኋል? መዶሻ አንስታ ልስኑን በሚስማር ሞላችው።

"ምን ልትሰቅይበት ነው?" አልኳት።

"ምንም። እንዳሻኝ ልመታ ነው" አለችኝ።

እኔም መዶሻውን ተቀብያት ሁለት ሦስት መታሁ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ፍርሃቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ዝናብ ባካፋ ቁጥር ጣሪያ ጣሪያውን አያለሁ። የፀጉር ያህል ስንጥቅ ካየሁ እህል አይወርድልኝም። ሜትር የያዘ ሰው በሰፈራችን ሲያልፍ፣ መንገድ ሊያወጡብን ነው ብዬ እስኪርቅ ድረስ አጥር ለአጥር እከተለዋለሁ። አንዱን እንዲያውም እስከ ገበያው ተከተልኩት፤ ለካ አልጋ ሊያሠራ የሚሄድ ሰው ኖሯል። ተከራይ ሳለሁ ይህን ሁሉ የሚፈሩልኝ እትዬ ጥሩወርቅ ነበሩ ማለት ነው። እኔ በነጻ የመሰለኝን እንቅልፍ ለካ ከኪራዩ ጋር ነበር የምከፍለው!

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሱቄ ቁጭ ብዬ ሱሪ ሳሳጥር ሰማዩ ጠቆረ። የመንዝን ነፋስ ለሚያውቅ ሰው ብዙ አልናገርም። በሩን ሲያላጋው መቀሱን ጥዬ ወደ ቤት ሮጥኩ። በረዶውም መንገድ ላይ ያዘኝ።

ስገባ በነፋሱ በኩል ያለው ቆርቆሮ ከተመታበት የሞራሌ እንጨት ጋር ብድግ ይላል፣ ደግሞ ዷ ብሎ ይወርዳል። ብዙነሽ ዕቃ የምናስርበትን መጫኛ ሞራሌው ላይ ጥላ፣ ጫፉን ክንዷ ላይ ጠምጥማ ተንጠልጥላለች። ጣሪያው ብድግ ባለ ቁጥር ተረከዟ ከመሬት ይነሳል።

"ልቀቂው! ይዞሽ ይሄዳል!" አልኳት።

"ቤቴን ለቅቄ የት ልሄድ? ይልቅ መጥተህ ያዝ!"

ያዝኩ። ምን ላድርግ? ሁለት ሰዎች በአንድ ገመድ ተንጠልጥለን እግዚኦ እንላለን፤ በረዶው በክፍተቱ እየገባ አናታችንን ይወግረናል። ሚስማሩ አንድ በአንድ ሲነቀል ይሰማኛል። ከዚያ አንዱ ቆርቆሮ ጭራሽ ተገንጥሎ፣ እየተገለባበጠ ከአጥሩ በላይ ወደ መንገዱ በረረ።

ወዲያው ከውጭ ጩኸት ሰማን።

ብዙነሽና እኔ ተያየን። ልጃችን ሕይወት ከትምህርት ቤት የምትመለሰው በዚያ ሰዓት፣ በዚያው መንገድ ነው። የቆርቆሮ ጠርዝ ደግሞ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ። ገመዱን ማናችን ቀድመን እንደለቀቅን እስከ ዛሬ አላውቅም። ጣሪያው ይሂድ፣ ቤቱ ይሂድ፣ ማን አስታውሶት! በሩ ላይ ተጋጭተን ወጣን።

ቆርቆሮው መንገዱ መሐል ነበር። ከሥሩ የሕይወት ሰማያዊ ጫማ ይታያል። ብዙነሽ እዚያው ጭቃው ላይ በጉልበቷ ወደቀች።

ጫማው ተራመደ።

ቀረብ ስል፣ የነፍስ አባታችን አባ ገብረ ኢየሱስ ቆርቆሮውን በሁለት እጃቸው ጀርባቸው ላይ ደፍተው፣ ልጄን በጋቢያቸው ሸሽገው አጎንብሰዋል። በረዶው መንገድ ላይ አግኝቷቸው ልጅቷን አቅፈው ሲቸገሩ ቆርቆሮው ፊታቸው ወድቆ ነው አንስተው የተጠለሉበት።

"ማነው የጮኸው?" አልኩ።

"እኔ ነኝ" አሉ አባ። "ታዲያ ከሰማይ ቆርቆሮ ሲወርድብኝ ዝም ልበል?"

ብዙነሽ ልጇን ነጥቃ ከላይ እስከ ታች ዳበሰቻት። አንድ ጭረት የለባትም። ከዚያ በኋላ ነው ሁለታችንም ማልቀስ የጀመርነው።

በረዶው ሲያባራ አባን ይዘን ገባን። የተረፈው ጣሪያ በቦታው አለ፤ በተከፈተው በኩል ሰማዩ ቁልጭ ብሎ ይታያል። አባ ልብሳቸውን እየጨመቁ ትክ ብለው አዩኝ።

"አንተን ሰሞኑን በየማለዳው ቤተ ክርስቲያን አይሃለሁ" አሉ። "ድሮ ለፋሲካ እንኳ የምትመጣው በስንት ልመና ነበር። ምን ተገኘ?"

"ቤት ሠርቼ ነዋ፣ አባ! ነፋሱን እየፈራሁ።"

የተከፈተውን ጣሪያ ቀና ብለው አዩት። ከዚያ መስቀላቸውን ከደረታቸው አወጡ።

"ለቀረውም ምእመን ሁሉ ቤት ይስጥልን" አሉ።