አራተኛዋ ምት ለምን ዘገየች?

[ጠባብ የኤሌክትሮኒክስ ወርክሾፕ። ጠረጴዛው ላይ መዳፍ የምታክል፣ ክዳኗ የተከፈተ ሬዲዮ አለች። ማዕድን ቆፋሪዎች አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሏት ናት፤ ጉድጓድ ቢናድባቸው የሚፈለጉት በእሷ ነው። የሠራት “ሊቁ” ይባላል፤ ስሙን ያወጣው ራሱ ነው። አጠገቡ የሚስቱ ወንድም፣ በያጁ፣ የብየዳ ብረቱን ይዞ ተቀምጧል። እጁ ፈጣን ነው፤ አንደበቱ ግን ቀስ ይላል፤ በዚህም የተነሳ ሰው ሁሉ እንደ ሞኝ ይቆጥረዋል።]

ሊቁ፦ አራት ሰዓት ነው የምፈልገው አልኩህ! አራት ሰዓት!

በያጁ፦ እሱማ አለፈ። አሁን ሰባት ተኩል ሆኗል። ለነገ ካልሆነ...

ሊቁ፦ የግድግዳ ሰዓት አይደለም! የሰርኪዩት ሰዓት! ቱክ ቱክ የሚል የኤሌክትሪክ ምት። ሬዲዮዋ የተቀበረውን ሰው ምልክት ከጫጫታ የምትለየው በአራት ምት ነው።

በያጁ፦ አንዱ አይበቃትም? እኔ እንኳ ያለኝ አንድ ልብ ነው።

ሊቁ፦ ያውም የማይሠራ! ስማ። አራቱም እኩል ይፈጥናሉ፤ ግን እያንዳንዷ ከፊተኛዋ የዙሩን ሩብ ያህል ትዘገያለች። አራት ሰዎች ተራ በተራ አንድ ችካል በመዶሻ ሲመቱ አስብ። ገባህ?

በያጁ፦ ገባኝ። ችካሉን ማን ይዞታል?

ሊቁ፦ ማንም አልያዘውም!

በያጁ፦ ታዲያ አይወድቅም?

ሊቁ፦ (ግንባሩን ይዞ) እህትህን ሳገባ አንተም አብረህ እንደምትመጣ ማን በነገረኝ! ይኸውልህ፣ ምቱን በመስመር የሚያሳየውን ኦሲሎስኮፕ እየው። አራት መስመር፣ አራት ምት። ሦስቱ ልክ ነበሩ። አራተኛዋ ግን በትንሹ ትዘገይ ነበር።

በያጁ፦ እሷን ማፍጠን ነዋ።

ሊቁ፦ ምት አይፈጥንም! ስለዚህ ምን አደረግሁ? ሦስቱን አዘገየኋቸው።

በያጁ፦ (ረጅም ጊዜ አስቦ) አንድ ሰው አርፍዶ ቢመጣ... ሦስቱን ቤታቸው መልሰህ፣ አብረው እንዲያረፍዱ...

ሊቁ፦ አሁን ገና ገባህ! ለዚህ ነው አምስት ማዘግያ የጨመርኩት። አሥራ አንድ ቀን ፈጀብኝ። አሁን እይ፤ በክር የተለካ ነው የሚመስለው!

በያጁ፦ (የሬዲዮዋን ባትሪ ነክቶ እጁን ይሰበስባል) ይፋጃል።

ሊቁ፦ መፋጀቱ መሥራቱ ነው።

በያጁ፦ የማዕድን ማውጫው አለቃ “ባትሪው አምስት ቀን ይቆይ” አላሉም? ይሄ እኮ ማዘግያዎቹ እየበሉት በግማሽ ቀን ያልቃል። ጠዋት የተናደበት ሰው ማታ በምን ይገኛል?

[ሊቁ ባትሪውን ራሱ ይነካል፤ ጣቱን ወደ አፉ ይወስዳል።]

ሊቁ፦ ስምንት ሰዓት ላይ ይመጣሉ። ካልወደዱት ሥራውን ለሌላ ይሰጡታል፤ ሰዎቹም በአሮጌው ሬዲዮ ይወርዳሉ። ታዲያ ምን ላድርግ? ሳይንስ ነው!

በያጁ፦ እኔ ግን የምለው...

ሊቁ፦ ቆይ! አንተ ብየዳህን ያዝ። ሳይንስ ማለት በመጀመሪያ ትዕግሥት፣ ሁለተኛ ትምህርት፣ ሦስተኛ...

[እያወራ ይወጣል። ድምፁ ከኮሪደሩ ይሰማል፤ የሽንት ቤቱ በር ሲዘጋ ይቋረጣል። በያጁ ወዲያው ከወንበሩ ይነሳል። ከሬዲዮዋ ወደ ኦሲሎስኮፑ የሚሄዱትን አራት ሽቦዎች ነቅሎ ጎን ለጎን ይዘረጋቸዋል። አራተኛው ከሦስቱ አንድ ክንድ ተኩል ይረዝማል። መቀስ አንስቶ እኩል ያደርገውና ጫፉን በይዶ ሁሉንም ይመልሳል። ሊቁ እጁን እያራገፈ ይገባል።]

ሊቁ፦ ...ሦስተኛ ደግሞ ጥንቃቄ! (ኦሲሎስኮፑን አይቶ ይጮኻል) ምን ነካህ? አራተኛዋ ቀድማ ሄደች! ጉድ ሠራኸኝ!

በያጁ፦ ሽቦ ነው የቆረጥኩት።

ሊቁ፦ ሽቦ ምን አገባው! ሽቦ መንገድ ነው፤ ምቷ በላዩ ላይ...

በያጁ፦ ትሄዳለች።

ሊቁ፦ አዎ፣ ትሄዳለች! መንገዱ ሲረዝም ደግሞ... (ይቆማል) ...ትዘገያለች።

[በያጁ ቁራጩን ሽቦ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ያሳየዋል።]

ሊቁ፦ አራተኛዋ... ከመጀመሪያውም አልዘገየችም?

በያጁ፦ ስትወጣ በሰዓቷ ነው የወጣችው። እዚህ ለመድረስ ነው የዞረችው።

ሊቁ፦ ይሄን ሽቦ የትኛው ደደብ ነው የቀጠለው?

በያጁ፦ የበየድኩት እኔ ነኝ። “ኦሲሎስኮፑን ወደ መስኮቱ ላስጠጋው፣ ፀሐይ እየሞቅሁ ልሥራ” ብለህ ያዘዝከኝ አንተ ነህ። ሦስቱ ደረሱ፣ አንዱ አጠረ፤ ያገኘሁትን ሽቦ ቀጠልኩበት።

[በሩ ይንኳኳል። ሊቁ ተንደርድሮ አምስቱን ማዘግያዎች በጉጠት ይነቅላል፤ ላቡ ጠረጴዛው ላይ ይንጠባጠባል። በያጁ ከኋላ ከኋላው ይበይዳል። አራቱ መስመሮች ቦታ ቦታቸውን ይይዛሉ። አለቃዋ፣ ቦት ጫማቸው ጭቃ እንደያዘ፣ ይገባሉ። ባትሪውን በመዳፋቸው ይይዙታል፤ እየቀዘቀዘ ነው። ሬዲዮዋ የምትበላውን ኤሌክትሪክ ለክተው ወረቀት ላይ ያሰላሉ።]

አለቃዋ፦ ስድስት ቀን! ባለፈው ሳምንት ግማሽ ቀን አልነበር እንዴ? ማነው ያስተካከለው?

ሊቁ፦ (ጉሮሮውን ጠርጎ) እንግዲህ... አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ከባድ ጥናት...

በያጁ፦ እውነቱን ነው። እሱ አሥራ አንድ ቀን፣ እኔ አንድ መቀስ።

[በያጁ ነገሩን በአራት ዓረፍተ ነገር ይነግራቸዋል። አለቃዋ ወንበር ስበው ይቀመጣሉ፤ ሊቁ ጣሪያውን ያያል።]

አለቃዋ፦ ቆይ እስቲ። ሽቦው መርዘሙን መቼ ነው ያወቅኸው?

በያጁ፦ የበየድኩት ቀን።

ሊቁ፦ ምን? ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?

በያጁ፦ ተናግረህ እስክትጨርስ እየጠበቅሁ ነበር። አሥራ አንድ ቀን ፈጀ። ደግነቱ ዛሬ ሽንትህ መጣ።