የጋለ ፕሮሰሰርና የሐጂ ኢድሪስ ልጅ ሰርግ

በእኛ አገር ሙቀት ምስጋና ነው። ሰርጉ ሞቀ ይባላል፤ ገበያው ሞቀ ይባላል፤ እንግዳው ሞቅ ያለ አቀባበል ተደረገለት ተብሎ በዜና ይነገራል። አንድ ሁለት መለኪያ የቀመሰን ሰው እንኳ ሰከረ ላለማለት ሞቅ ብሎታል እንለዋለን። ቅዝቃዜ ግን ዘመድ የለውም። ቀዝቃዛ ሰው፣ ቀዝቃዛ ሰላምታ፣ የቀዘቀዘ ገበያ፤ ማን ይወደዋል? እኔም እንደ ማንኛችሁም ከሙቀት ወገን ሆኜ ስኖር፣ በጎልማሳነቴ ወደ ወዲያኛው ወገን ያዛወረኝ አንድ የኮምፒዩተር ፕሮሰሰር ነው።

ለማታውቁት ላስተዋውቃችሁ። ፕሮሰሰር የኮምፒዩተር አንጎል ነው፤ መጠኑ ከአንድ ብስኩት አይበልጥም። ሥራ ሲበዛበት ይግላል። ከልክ በላይ ሲግል ደግሞ ተቃጥሎ እንዳይቀር ኮምፒዩተሩን ድርግም አድርጎ ያጠፋዋል። አያስጠነቅቅም፣ ይቅርታም አይጠይቅም። ልክ ሰርጉ ሲደምቅ እንደሚሰወር ሚዜ ነው።

እኔና እህቴ ትርንጎ ያኔ ጎንደር ፒያሳ ላይ የሰርግ ቪዲዮ ቤት ነበረን። እኔ ካሜራ ተሸክሜ እቀርጻለሁ፤ እሷ ኮምፒዩተሩ ፊት ተቀምጣ ትቆርጣለች፣ ትቀጥላለች፣ ጽጌረዳ ታዘንባለች፣ ሙሽሮቹን በልብ ቅርጽ ውስጥ ታስገባለች። የዲቪዲ ዘመን ነበር፤ ልብና ጽጌረዳ የሌለው ሰርግ እንደተደገሰ አይቆጠርም። የእሷ ሥራ ሲያልቅ የኮምፒዩተሩ ይጀምራል፤ ምስሉን፣ ድምፁንና አበባውን አዋሕዶ አንድ ወጥ ፊልም አድርጎ ያወጣል። በሙያችን ሬንደር እንለዋለን። የአንድ ሰርግ ሬንደር ግማሽ ቀን ይፈጃል። ለፕሮሰሰሩ ይህ ማለት ሙሉ ጭነት ተሸክሞ ሊማሊሞን መውጣት ነው።

ሊማሊሞ ካልሁ አይቀር ወደ ሐጂ ኢድሪስ ልምጣ።

ሐጂ ኢድሪስ የጎንደሩ አዲስ ዓለም ሰፈር ሰው ናቸው፤ ከአያት ከቅድመ አያት ሲወርድ በመጣ ንግድ የሚኖሩ፣ ረጋ ያሉ፣ ሲናገሩ ድምፃቸውን ዝቅ የሚያደርጉ፣ በዚያ ምክንያትም ሰው ሁሉ ዝም ብሎ የሚሰማቸው። ያን ጥር የመጀመሪያ ልጃቸውን ሰሚራን ሊድሩ ሲደግሱ፣ ሥራ አስገድዷቸው በጭነት ማኪናቸው አዲ አርቃይ ወረዱ። ምናልባት ብዘገይ ብለው በኒካሁ፣ በጋብቻው ውል፣ በእሳቸው ቦታ የመቆሙን ውክልና ለታናሽ ወንድማቸው ሰጥተው ነበር፤ ማንም ግን ይዘገያሉ ብሎ አላሰበም። ሲመለሱ ሊማሊሞ መካከል አንድ ባለ ተሳቢ ማኪና ጠመዝማዛው ላይ ተጋድሞ መንገዱን ዘግቶ ጠበቃቸው። ከላይ የሚወርድ የለ፣ ከታች የሚወጣ የለ፣ ስልኩ አይሠራ። ልጃቸው በምትዳርበት ቀን ሐጂ ገደል አፋፍ ላይ ከጭላዳ ዝንጀሮ ጋር ተፋጠው ዋሉ። እዚህ ደግሞ ሙሽራው መጥቷል፣ እንግዳው ተቀምጧል፤ ኒካሁ በወንድማቸው ወኪልነት ታሰረ። ሐጂ ቤታቸው ሲደርሱ ድንኳኑ እየፈረሰ ነበር።

በማግስቱ ወደ እኛ ቤት መጡ።

"እኔ ያላየሁት ሰርግ እናንተ ዘንድ አለ አሉኝ" አሉ፣ በዚያ ዝቅ ባለ ድምፃቸው።

"አለ፣ ሐጂ።"

"እሑድ ዘመዱ ሁሉ ለመልስ እኔ ቤት ይሰበሰባል። አብሬያቸው ተቀምጬ ማየት እፈልጋለሁ። ይደርስልኛል?"

"እንዴታ! ይደርሳል" አልሁ። መቼም አፍ ፕሮሰሰር የለውም፤ አይግልም።

ትርንጎ ቀን ከሌሊት ብላ ቆርጣ ቀጥላ ጨረሰችና ረቡዕ ጠዋት ሬንደሩን አስጀመረች። ሰሚራ ከቤት ወጥታ ማኪና ልትገባ እግሯን ስታነሣ ድርግም! እንደገና ጀመርን። አሁን ደግሞ ማኪና ገባች፣ ከተማውን ዞረች፣ ወንድምየው ኒካሁን ሊያስሩ እጃቸውን ሲዘረጉ ድርግም! መጀመሪያ በመብራት አመካኘን፤ አምፖሉ ግን በርቶ ያየናል። የሰፈራችን የኮምፒዩተር ጠጋኝ ተጠርቶ መጣና ገና ወንበር ሳይስብ "ቫይረስ ነው" አለ። በዚያ ዘመን ሁሉ ነገር ቫይረስ ነበር። ጓደኛ የሆኑትን የቪዲዮ ቤቶች ለመንን፤ በጥር ወር ግን የማን ኮምፒዩተር ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል?

ትርንጎ በሰው ወሬ የምታምን ሴት አይደለችም። የፕሮሰሰሩን ሙቀት የሚያሳይ ትንሽ ፕሮግራም አገኘችና ስክሪኑ ጥግ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ በኋላ የኛ ቤት ሥራ ቁጥር ማየት ሆነ። ሰባ። ሰማንያ። ዘጠና። መቶ ሊሞላ ሲል ድርግም።

"አያ ደሴ፣ አገኘሁት" አለችኝ። "ትኩሳት ነው የያዘው።"

ትኩሳት ለያዘው የሚደረገውን ሁሉ አደረግንለት። የሳጥኑን ሽፋን ከፈትንለት፣ አቧራውን ጠረግንለት፣ የጠረጴዛ ማራገቢያ ደገንንበት፣ መስኮት ሥር አስተኛነው። ጥቂት ደቂቃ ይታገሠንና ያንኑ ያደርጋል። ከፋብሪካው ጋር የመጣችው ማራገቢያ ከአንድ የቡና ስኒ ማስቀመጫ የማትበልጥ ናት፤ ከአራቱ የፕላስቲክ እግሮቿም አንዱ ተሰብሮ ወደ አንድ ወገን አዘንብላለች። ትርንጎ አዲስ አበባ የኮምፒዩተር ዕቃ ለሚሸጥ የድሮ የክፍል ጓደኛዋ ደወለች፤ እሱም "ትልቁን ማቀዝቀዣ እልክልሻለሁ" ብሎ በአውቶቡስ ረዳት እጅ ላከላት። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከመናኸሪያ ተቀብዬ መጣሁ።

ካርቶኑን ከፈትነው። ቁመቱ አንድ ትልቅ መጽሐፍ ያህላል፤ ቀጫጭን የብረት ቅጠሎች ተደራርበው፣ የመዳብ ቱቦዎች በመሐላቸው ሽቅብ ወጥተው፣ ከጎኑ ትልቅ ማራገቢያ ተለጥፎበት።

"ይኼማ የማኪና ራዲያተር ነው!" አለች ትርንጎ።

ቅዳሜ ጠዋት ሱቁን ከውስጥ ዘግተን ሥራ ጀመርን። እኔ ካቻቢቴ ያዝሁ፣ እሷ ካሜራ ያዘች፤ ሙያችን ነውና የትኛው ሽቦ ከየት እንደተነቀለ እየተከታተለች ፎቶ ታነሣለች። እንዲህ ዓይነት ሰርግ ተነሥቶ አያውቅም። ማቀዝቀዣው ከጀርባም የሚታሰር ማቀፊያ ስላለው ማዘርቦርዱን፣ ፕሮሰሰሩ የተተከለበትን ሰሌዳ፣ ጨርሰን ከሳጥኑ አወጣነው። አሮጌዋ ማራገቢያ ስትነቀል ሥሯ የነበረው ቅባት ደርቆ እንደ አሮጌ የግድግዳ ኖራ ተፈረፈረ። ይህ ቅባት በፕሮሰሰሩና በብረቱ መካከል ገብቶ ሙቀቱን የሚያሻግር ነው፤ እሱ ከደረቀ ድልድዩ ፈረሰ ማለት ነው። በአልኮልና በጥጥ ፕሮሰሰሩን እስኪያብለጨልጭ ጠረግነው። ትርንጎ ከአዲሱ ቅባት ልክ አንድ የምስር ፍሬ የምታህል ጠብታ መሐሉ ላይ አስቀመጠች።

"ምነው፣ ጨምሪበት እንጂ" አልሁ።

"የገንፎ ቅቤ መሰለህ?" አለችኝ።

ግዙፉን ብረት በላዩ አሳረፍን፤ ብሎኖቹን እንዳያዘነብል አንዱን ትንሽ፣ ከዚያ በሰያፍ ፊት ለፊቱ ያለውን ትንሽ እያልን አጠበቅን። ፎቶዎቹን እያየን ሽቦውን ሁሉ ወደየቦታው መለስን። አንድ ቪቴ ተረፈን። የት እንደነበረ እስከ ዛሬ አልታወቀም። የሳጥኑ ሽፋንም ከብረቱ ቁመት የተነሣ አልገጠም አለ፤ ተውነው።

አበራን። ማራገቢያው ያለ ድምፅ ዞረ፤ ደስ ሲል! ትርንጎ ሬንደሩን አስነሣች። ሰባ። ሰማንያ። ዘጠና።

በጥድፊያ አስቆመችው። ሐጂ ኢድሪስ በሩን ያንኳኩት ያን ጊዜ ነው። ከፈትሁላቸው። በየቦታው የተበተነውን ብረትና ሽቦ አዩ፣ ፊታችንንም አዩ። ነገሩ ገብቷቸዋል።

"እኔ እኮ" አሉ ቀስ ብለው፣ "ካልሆነ ካልሆነ በሰው አፍ እሰማዋለሁ። ስንቱ አባት ሳያይ ሞቷል። ልጄ ግን 'አባባ፣ አብረን እናየዋለን፤ አንተ አጠገቤ ሆነህ ካላየኸው እኔም አላየውም' ብላለች። ለእሷ ብዬ ነው።"

ቁጭ አሉ። ሊቆጡ የመጡ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። ትርንጎ እሳቸውን ቀና ብላ ለማየት አፍራ መሰለኝ፣ ለማይረባ ነገር እጇን ወደ ሳጥኑ ሰደደችና የብረቱን ቅጠሎች ዳበሰች። እጇን አላነሣችም። ደግማ ዳበሰች።

"አያ ደሴ፣ ና ንካው።"

ነካሁት። ብረቱ እንደ ጠዋት ድንጋይ ቀዝቃዛ ነው።

"ሥሩ ያለው ዘጠና ዲግሪ ነው፣ ይኼ ግን በረዶ ነው" አለች፤ ድምፅዋ እየፈጠነ መጣ። "ሙቀቱ ወደ ብረቱ እየደረሰ አይደለም። መካከላቸው አንድ ነገር አለ!"

"ምን ሊኖር?"

"ፍታው!"

ፈታሁት። ብረቱን ገለበጥነው። ከሥሩ፣ ቅባቱ የተለጠፈበት ላይ፣ እንደ ብርጭቆ የጠራች ስስ ፕላስቲክ ተጣብቃለች፤ ዕቃው በመንገድ እንዳይጫር ፋብሪካው የሸፈነው ነው። በላይዋም "ከመግጠምዎ በፊት ይላጡ" የሚል ትእዛዝ በቀይ፣ በትልልቁ፣ በሁለት የውጭ አገር ቋንቋ ተጽፎባታል። ሁለቱንም አላነበብንም። ትርንጎ ጫፏን በጥፍሯ ያዘችና ጥርር አድርጋ ላጠቻት። በሕይወቴ ብዙ ጥሩ ድምፅ ሰምቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ ግን አልሰማሁም።

ሐጂ ጎንበስ ብለው አዩና "ይቺ ናት?" አሉ።

"ይቺ ናት ሐጂ።"

"ሱብሃነላህ! ከሊማሊሞው ተሳቢ ትከፋለች" አሉና ሳቁ። ከሰርጉ ወዲህ ሲስቁ ያየኋቸው ያን ጊዜ ነው።

ጠረግን፣ የምስር ፍሬዋን መልሰን አኖርን፣ አጠበቅን፣ አበራን። ሬንደሩ ተነሣ። ሃምሳ። ሃምሳ አምስት። ስድሳ። ስድሳ ሁለት ላይ ደረሰና ቆመ። አሁን ይዘላል ብለን ሦስታችንም ትንፋሻችንን ይዘን ጠበቅን። አልዘለለም። ሰሚራ ማኪና ገባች፤ ስድሳ ሁለት። ኒካሁ ታሰረ፤ ስድሳ አንድ። እንግዳው ሲበላ፣ መንዙማው ሲጀመር፣ ጽጌረዳው ሲዘንብ፣ እሱ እቴ፣ ንቅንቅም አላለ! ሐጂ ስክሪኑን ላለማየት ፊታቸውን አዙረው ይጠብቃሉ፤ ከልጃቸው ቀድመው ላለማየት ነው፤ ቁጥሩን ግን "ስንት ደረሰ?" እያሉ ይጠይቃሉ። ሽፋኑ ስላልገጠመ አቧራ እንዳይገባ ትርንጎ ከግድግዳው ላይ ለሙሽሮች ፎቶ የምናስቀምጠውን ቬሎ አውርዳ ሳጥኑ ላይ ጣል አደረገችበት። ኮምፒዩተራችን ሙሽራ መሰለች። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሬንደሩ አለቀ። ትርንጎ እልል አለች፤ ጎረቤት ሰርግ መስሎት ብቅ ብቅ አለ።

እሑድ አዲስ ዓለም ሄድን። ሳሎኑ በዘመድ ጢም ብሏል። ሐጂ ከቴሌቪዥኑ ፊት፣ ሰሚራ ከአጠገባቸው ተቀምጣ እጃቸውን ይዛለች። እስከ መጨረሻው ዓይናቸውን ከስክሪኑ አልነቀሉም። ወንድማቸው በእሳቸው ቦታ ሲቀመጡ ትንሽ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሲያልቅ ሁሉም አጨበጨበ፣ አመሰገነ፤ እኔም ትከሻዬ ሰፋ። ሐጂ ግን ወደ ትርንጎ ዞሩ።

"ሸጋ ነው ልጄ። አንድ ሰው ግን ጎደለው።" ወደ ቴሌቪዥኑ ጠቆሙ። "እኔን ማስገባት ይቻላል?"

ትርንጎ እኔን አላማከረችም። "ይቻላል ሐጂ" አለች።

በማግስቱ፣ ከሐጂ፣ ከሙሽሮቹና ከእኛ በቀር ማንም በሌለበት፣ ሙሽሮቹ የሰርግ ልብሳቸውን መልሰው ለበሱ፤ የሳሎኑ መጋረጃ እንደ ሰርጉ ቀን ተሰቀለ፤ ሐጂ ነጭ ለብሰው፣ ሻሻቸውን ጠምጥመው በልጃቸው ራስ ላይ እጃቸውን ጭነው ዱዓ አደረጉ። ሰሚራ ስታለቅስ ያነሣሁት ያ ዕንባ የትወና አይደለም። ትርንጎ ልክ ከኒካሁ በኋላ አስገባችው። ኮምፒዩተሩም ከነቬሎው ሁሉንም እንደገና ሲያወጣ ስድሳ ሁለትን አላለፈም።

ከጥቂት ዓመት በኋላ ከዚያ ሰርግ ታዳሚዎች አንዱን ገበያ መሐል አገኘሁት። ስለ ሐጂ አነሣን። "ልጃቸውን የመረቁበት ጊዜ አይረሳኝም" አለኝ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ። "እኔ ከጎናቸው ቆሜ ነበርሁ እኮ! አላየኸኝም?"

እጁን ጨበጥሁት።

"አየሁህ እንጂ" አልሁት።