ዛንዚባር ላይ ያልጾምኩት ጾም

ሳይለመን የሚበላ ሰው እኛ ዘንድ አይከበርም። ምግብ ቀርቦለት «እንካችሁ ብሉ» ሲባል «አይ፣ በልቼ ነው የመጣሁ» ማለት አለበት። ሁለተኛ ሲለመን «ወላሂ ጠግቤያለሁ» ይላል። ሦስተኛ «በሞቴ!» ሲባል ነው እጁን የሚታጠበው፤ ከማለዳ ጀምሮ ውሃ እንኳ ያልቀመሰ ቢሆን ያው ነው። ጋባዡም ያውቃል፣ ተጋባዡም ያውቃል፣ የቤቱ ድመትም ታውቃለች። ይህንን ጨዋነት እንለዋለን። ገና ሳህኑ ሳይቀመጥ ፎቶ የምታነሱት እናንተ የዘንድሮ ልጆች ላታውቁት ትችላላችሁ፤ እኔ ግን ስልሳ ስምንት ዓመት የኖርኩት በሱ ነው። «ሲግደረደሩ ጦም ማደር» የሚባለውን ተረት ስሰማም ለሌላ ሰው የተተረተ ይመስለኝ ነበር። ለካ ለኔ ኖሯል። እኔን ለማግኘት ግን ባሕር መሻገር ነበረበት።

አልዩ አምባ ተወልጄ ደብረ ብርሃን ላይ ቅመም ስሸጥ ያረጀሁ ሴት ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው። ከዚያ በኋላ ያስተማረኝ የለም፤ እኔ ልኩን ያስተማርኩት ሰው ግን ብዙ ነው። ልጄ ሰይድ ዛንዚባር ደሴት ላይ የሆቴል ማቀዝቀዣ ይጠግናል። አስቡት፣ የደብረ ብርሃን ልጅ ብርድ ሊሠራ ባሕር ማዶ ሲሄድ! እዚህ እኮ በነጻ ነው። እዚያው ሳልማ የምትባል የደሴቲቱን ልጅ ወደደና «እማ፣ ሽማግሌ ላኪልኝ» አለኝ። የሚላከው ወንድሜ ነበር፤ እሱ ግን አውሮፕላን ከመሳፈር ሞት ይሻለኛል አለ፤ ሁለቱ አንድ ናቸው ብሎ ነው የሚያምነው። እንግዲህ ሽማግሌው እኔው ሆንኩ። የደብረ ብርሃን ባና ብርድ ልብስ ለስጦታ አጥፌ፣ ብቻዬን ተሳፈርኩ።

ስለ ከተማዋ ብዙ አልልም። ቤቱ ሁሉ ድንጋይ፣ በሩ ሁሉ የናስ ጉብጉብ ያለበት ወፍራም እንጨት ነው፤ መንገዷ ከመጥበቧ የተነሣ ሁለት የተጣሉ ሰዎች ከተገናኙባት ሳይታረቁ አይተላለፉም። ሙቀቱ ግን ሌላ ነው። ጥላ ሥር ቆሜ እንኳ ታጥቦ ያልተጨመቀ ልብስ የለበስኩ ይመስል ውሃ ይወርደኝ ነበር። የመጀመሪያውን ሳምንት ልጄ ሥራ ሲውል እኔ ብቻዬን ስዞር ከረምኩ። ጉዱ የመጣው በመጨረሻዎቹ ሦስት ቀናት ነው።

ሰይድ ለሥራ ወደ ሌላ ደሴት ተጠራና «እስክመለስ እነሳልማ ዘንድ ቆዪ፤ የመጣሽበትን ያውቃሉ፤ ስመጣ ቃላቸውን እንሰማለን» ብሎ አደረሰኝ። የልጅቷ እናት ቢ ዙሌካ ይሏታል፤ «ቢ» እንደኛ «ወይዘሮ» ነው። እንደኔው ባሏ የሞተባት፣ ዝምተኛ፣ ዓይኗ ግን ሁሉን የሚያይ ሴት ናት። ባናውን በሁለት እጇ ተቀበለችና ግድግዳ ላይ ሰቀለችው። ምን ታድርግ? ብትለብሰው ትሞት ነበር።

ምሳ ቀረበ። በኮኮናት ወተት የበሰለ ሩዝ፣ ከላዩ የተጠበሰ ዓሣ። እናንተም እንደምታውቁት የእኛ ሽማግሌ ልጅ ሊጠይቅ ሄዶ «እሺ» ሳይባል እህል አይቀምስም። እንዲለመን ነው፤ ሲለመን ደግሞ ነገሩ ይለዝባል። እኔም ወገቤን አቅንቼ ሳህኑን በእጄ ጀርባ ገፋ አደረግሁት፤ ልመናውንም ጠበቅሁ። ቢ ዙሌካ አየችኝ፤ ከዚያ ለልጇ አንድ ነገር ሹክ አለቻት። ሳልማ አማርኛ የለመደችው ከልጄ አፍ ነው፤ እሱን እንዴት እንደሚያናግሩት ሰምታ ስለተማረች የምታናግረውን ሰው ሁሉ ወንድ ታደርጋለች።

«እማማ፣ ጾም ነህ?» አለችኝ።

ኢድ ካለፈ ሁለት ሳምንት ነበር፤ ብዙ ሰው ከረመዳን ቀጥሎ ያለውን የሸዋልን ስድስት ቀን የሚጾምበት ጊዜ። እንግዲህ ምን ልበል? «አይ፣ እንድትለምኑኝ ነው» ይባላል? ወገቤን ካቀናሁ በኋላ? በአዎንታ ራሴን ነቀነቅሁ።

ሳህኑ ተነሣ። ዓይኔ አብሮት እስከ ጓዳ ሄደ።

ከዚያማ ዝናዬ በሰፈሩ ናኘ። «በዚህ ሙቀት! በዚህ ዕድሜ! በመንገደኝነት!» እያሉ ሴቶች እየመጡ እጄን ሳሙ። ልጆች አጠገቤ እንዳይበሉ ተከለከሉ። መግሪብ ላይ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ማፍጠሪያ ሲቀርብልኝ ደግሞ፣ አመል አይለቅም፣ አንድ ቴምርና ሁለት ማንኪያ ሾርባ ቀምሼ «በቃኝ» አልኩ። አንድ ጊዜ ለመኑኝ። ሁለተኛ የሚባል ነገር በአገራቸው የለም! እምነት ያላቸው ሰዎች ናቸው፤ «በቃኝ» ስትሏቸው በቃው ብለው ያምናሉ። ሌሊት ለሱሁር ሲቀሰቅሱኝም ያው ሆነ።

በማግስቱ ቀትር ላይ ሆዴ ከኔ ጋር መነጋገር አቆመ፤ መጮህ ጀመረ። «ባሕሩን ልይ» ብዬ ወጣሁ። ዳር ላይ አንድ ሰውዬ ስምንት እግር ያለው የባሕር እንስሳ በከሰል ይጠብሳል። ሌላ ጊዜ ቢሆን አይቼው እሸሽ ነበር። ገዛሁና ከተገለበጠ ጀልባ ጀርባ ሄጄ ተቀመጥኩ። ሁለቱን እግር ጨርሼ ሦስተኛውን እንደጎረስኩ የዙሁር አዛን ተሰማ። ቀና ስል ቢ ዙሌካ የዓሣ ዘንቢሏን አንጠልጥላ ፊቴ ቆማለች።

በሰው ፊት ሲያፍሩ «መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ» ይባላል። አሸዋ ግን አይከፈትም፤ ዝም ብሎ ይፋጃል። አፌ ሙሉ ነው፤ መዋጥም መትፋትም አልቻልኩም። ከኋላዋ ደግሞ ትናንት እጄን የሳሙት ሁለት ሴቶች እየመጡ ነው።

ቢ ዙሌካ ዘንቢሏን አስቀመጠች። ከትከሻዋ ላይ ያለውን ባለ አበባ ጨርቅ አወረደችና፣ አሸዋ እንደሚያራግፍ ሰው በሁለት እጇ ዘርግታ፣ በኔና በሴቶቹ መካከል ቆመች። ጮክ ብላ እያወራች፣ እያሳቀች አሳለፈቻቸው። ከዚያ ጨርቋን መልሳ፣ ወደኔ ሳትዞር ሄደች።

የዚያን ዕለት መግሪብ ላይ ቴምሩን እንደ ትናንቱ፣ ለጾመኛ እንደሚገባው፣ በሁለት እጇ ሰጠችኝ። ሳልማ «ጾምህን አላህ ይቀበል» አለች። «አሚን» አልኩ። እኔ ገበያ ላይ ሰድቤ ተሰድቤ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ስድብ አይከብደኝም። ያቺ ቴምር ግን ከበደችኝ። በአላህ ጾም የዋሸሁት አንሶ፣ ልጄን ይዤ ገደል እየገባሁ ነው። በማእድ የምትዋሽ እናት ላለችው ልጅ ማን ልጁን ይሰጣል? ደብረ ብርሃን ተመልሼ «ስንት ጥሎሽ ጠየቁ?» ሲሉኝ ምን ልላቸው ነው? ጥብስ በልቼ የልጄን ትዳር አፈረስኩ?

በመጨረሻው ቀን፣ ሰይድ ገና ሳይደርስ፣ ቢ ዙሌካ ወደ ማድቤቷ ጠራችኝ። በጠራራ ፀሐይ ሩዝና ዓሣ ፊቴ አስቀምጣ ከጎኔ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ረጅም ነገር ተናገረች፤ ሳልማ መሬት መሬቱን እያየች ተረጎመችልኝ።

«እማዬ እንዲህ ትላለች። ልጄን ልከለክል ነበር። ይቺ ሴት ጾሟ አስፈራኝ። እንዲህ ያለ አማት ያለበት ቤት ልጄ በአንድ ስህተት ትሞታለች አልኩ። ትናንት ባሕር ዳር ሳይህ ግን...» ልጅቷ ሳቋን ዋጠች። «ሰው ነህ፣ ትላለች።»

ቢ ዙሌካ ሳህኑን ወደኔ ገፋችው። «ብላ» አለች ሳልማ። አንድ ጊዜ ብቻ። ሁለተኛውን አልጠበቅሁም።

እንግዲህ በሽማግሌነቴ፣ በንግግሬ፣ ባጠፍኩት ባና የተገኘች ምራት መስላችሁ ከሆነ፣ የተገኘችው በውርደቴ ነው። ነገሩ እዚያ ቢቆም መልካም ነበር። ሰይድ ከሥራው ሲመለስ ጎረቤቶቹ የነገሩት «እናትህ በዚያ ሙቀት ጾማ ቤቱን ሁሉ አንበረከከች» የሚለውን ነው፤ እውነቱን ሦስታችን ብቻ እናውቃለን። እሱም እኔ አውሮፕላን ሳልሳፈር ደብረ ብርሃን ደውሎ አዳረሰው። ቤቴ ስገባ ጎረቤቴ አስካለ በር ላይ ጠበቀችኝ። «እትዬ ዘሀራ! በጾም ምራት ያመጡ! እኛማ ሁዳዴን ስንት ዓመት ጾመን አንድ አማች አላገኘን!» አለችኝ። «ኧረ ተይኝ» አልኳት። «ደግሞ ትሕትናቸው!» አለች።

አሁን ሰኞና ሐሙስን እጾማለሁ። ሰው ስለሚጠብቀኝ ይሁን ስለ አላህ ብዬ፣ እሱ ይለየው። በዚህ ብርድ ደግሞ ሆድ የሚጮኸው እጥፍ ነው።

ቢ ዙሌካ ለሠርጉ ትመጣለች። የኛ ሰው ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ «በሞቴ፣ በአባትሽ ሞት» እያለ አፏ እስኪሞላ ያጎርሳታል፤ እሷ ደግሞ «በቃኝ» ስትል የምሯን ነው። አንዱን ጊዜ ጉንጯ እንደሞላ ልትተፋው ሹልክ ብላ ከቤቱ ጀርባ እንደምትሄድ ከወዲሁ ይታየኛል። ያን ጊዜ ነጠላዬን አውልቄ፣ የግራር ቅጠል እንደሚያራግፍ ሰው በሁለት እጄ ዘርግቼ፣ ለሰዉ ጮክ ብዬ እያወራሁ እቆማለሁ።

ወደ እሷ ግን አልዞርም።